የሕፃናት እንባና የሕግ ሰዓት፦ በእምነት ስም ለተበደሉ ልጆች ፍትሕን መሻት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአራዳ ደብርም ችሎትም አለ። በፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ኪዳን አድርሶ የሚወጣ ምእመንና በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ችሎት ቀጠሮ ያለው ባለጉዳይ በአንድ ሰፈር ጎዳና ይተላለፋሉ። አንዱ በጸሎት፣ ሌላው በአቤቱታ፣ ሁለቱም እውነት እንዲገለጥላቸው ይሻሉ። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ሁለቱንም ደጆች ለመርገጥ የሚፈሩ ሰዎችን ይመለከታል። እነዚህ ሰዎች በልጅነታቸው በሃይማኖት ስም በተሰበሰበ ቡድን ውስጥ ተደብቀው ያደጉ፣ «መንፈስ ይውጣላችሁ» ተብለው የተገረፉ፣ ከትምህርት ቤትና ከሐኪም የተከለከሉ ወይም «የእግዚአብሔር ሰው» በሚባል ሰው ክብራቸው የተደፈረ፣ ዛሬ ግን ዐዋቂ የሆኑ ወገኖቻችን ናቸው።

እነዚህ ወገኖች ወደ ደብሩ ቢመጡ «ይቅር በል፣ ለእግዚአብሔር ስጠው» እንዳይባሉ ይሰጋሉ። ወደ ችሎቱ ቢሄዱ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» እንዳይባሉ ይፈራሉ። በዚህ ጽሑፍ ሕጋችን ምን በር እንደከፈተላቸው፣ የትኛው በር በጊዜ እንደሚዘጋባቸው፣ እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆችም በዚህ መካከል ምን ድርሻ እንዳለን እንመለከታለን።

ኑፋቄና ወንጀል

አስቀድመን አንድ ነገር መለየት ይገባናል። ኑፋቄን መመርመር፣ ማውገዝና የሳተውን ማስተማር የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። ወንጀልን መመርመርና መቅጣት ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የእምነትን ነፃነት ይደነግጋል። ስለዚህ ፍርድ ቤት የአንድን ቡድን ትምህርት እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ብሎ አይፈርድም። ያው አንቀጽ 27 ግን በንዑስ አንቀጽ 5 እምነትን የመግለጽ መብት የሕዝብን ደኅንነት፣ ጤናን፣ ትምህርትንና የሌሎችን ሰዎች መሠረታዊ መብት ለማስጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ያስቀምጣል። አንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ይህን መለየት የሚጠቅመው በመጀመሪያ ተጎጂውን ነው። ብዙ ጊዜ የአንድ ቡድን ጉዳይ ሲነሣ ንግግራችን ሁሉ ስለ ትምህርቱ ስሕተት ይሆንና የተበደለው ልጅ ይረሳል። ዳኛው የሚጠይቀው ማን፣ መቼ፣ በማን ላይ፣ ምን አደረገ የሚለውን ነው። አንድ ቡድን ትምህርቱ የተጣመመ ሆኖ በልጆች ላይ ወንጀል ያልፈጸመ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ የቀና የሚመስል ሰውም በስውር ሕፃን ሊበድል ይችላል። የልጁ አቤቱታ በሁለቱም ዘንድ እኩል መሰማት አለበት።

ከጎረቤት የመጣ ማስጠንቀቂያ

በጎረቤታችን በኬንያ፣ በኪሊፊ አውራጃ ሻካሆላ በተባለ ጫካ የሆነውን ዓለም ሁሉ ሰምቷል። ፖል ማኬንዚ የተባለ ሰባኪ ተከታዮቹ ጌታን ለማግኘት በረሃብ እንዲሞቱ አስተምሯል ተብሎ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ተያዘ። ከዚያ በኋላ ከጫካው መቃብሮች ከ400 በላይ አስከሬኖች ወጥተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሕፃናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሰባኪውና አብረውት የተከሰሱት በ191 ሕፃናት ግድያ ክስ ቀርቦባቸዋል። በሌሎች መዝገቦችም በሽብርተኝነት፣ በሰው መግደልና በሕፃናት ላይ በመጨከን ተከስሰዋል።

ከዚህ ታሪክ ልንማርበት የሚገባው በተለይ ከእልቂቱ በፊት የነበረው ጊዜ ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ በማስተማሩ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ቤተ ጸሎቱን ዘግቶ ተከታዮቹን ወደ ጫካው ወሰደ። በ2023 መጀመሪያም ከሁለት ሕፃናት ሞት ጋር በተያያዘ ተይዞ በዋስ ተለቅቆ ነበር። ምልክቱ ለዓመታት ታይቷል። መጀመሪያ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ ከዚያ ከሐኪም ይከለከላል፣ ከዚያ ከዘመድና ከጎረቤት ይለያል፣ በመጨረሻም የሚያየው ሰው በሌለበት ስፍራ የመሪው ንብረት ይሆናል። በኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 በካኑንጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከነልጆቻቸው ያለቁት የዓለምን ፍጻሜ በሚጠብቅ ቡድን ውስጥ ነበር። በሰፈራችን በተከራየ አዳራሽ ውስጥ ልጆች በትምህርት ሰዓት ሲውሉና ሲያድሩ ስናይ «የእነሱ እምነት ነው» ብለን ማለፍ የማይገባን ስለዚህ ነው።

ሕጋችን የከፈተው በር

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረትን ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ልጁ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው። ጥፋተኛው ልጁን የሚያስተምር፣ በአደራ የተቀበለ ወይም በሌላ መንገድ የበላዩ ሆኖ ሲገኝ ቅጣቱ ይከብዳል። መንፈሳዊ መሪ ነኝ የሚል ሰው በልጁ ላይ ያለው ሥልጣን ከማንኛውም አሠሪ ሥልጣን የበረታ ነውና ይህ ድንጋጌ በእንዲህ ያሉ ቡድኖች ለተበደሉት ትልቅ ትርጉም አለው። ሕፃንን መግረፍ፣ ማስራብና ማንገላታትም በሕጉ አንቀጽ 576 የሚያስቀጣ ነው።

ሕጋችን በተግባር የማይሠራ የወረቀት ጽሑፍ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። በወሎ ጃሪ የሕፃናት መንደር የሆነው ይህን ይቃወማል። ቦታው የእርዳታ ድርጅት እንጂ የእምነት ቡድን አልነበረም። ነገር ግን ወላጅ አልባ ሕፃናት ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው እጅ የወደቁበት፣ ከአጥሩ ውጭ የሚሰማቸው ያልነበረበት ዝግ ዓለም በመሆኑ ከያዝነው ጉዳይ ጋር ይመሳሰላል። የመንደሩ ኃላፊ የነበረው የውጭ አገር ዜጋ በልጆቹ ላይ በፈጸመው ድፍረት ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበታል። ድሆችና አሳዳሪ የሌላቸው ልጆች በተከበረና በተፈራ ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ የአገራችን ችሎት ሰምቷቸዋል።

ዛሬ ደግሞ ከዚያ ጊዜ የተሻለ መንገድ አለ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶች ተቋቁመዋል። በእነዚህ ችሎቶች ልጁ ከበደለው ሰው ጋር ፊት ለፊት ሳይተያይ በተለየ ክፍል ሆኖ ቃሉን ይሰጣል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ የፖሊስ ቃል መቀበሉና የሥነ ልቡና ድጋፉ በአንድ ስፍራ የሚሰጥበት ማእከል አለ። በ2003 ዓ.ም የወጣው የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699ም በከባድ ወንጀሎች ላይ የሚመሰክሩ ሰዎች ጥበቃ የሚያገኙበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ከቡድን የወጣ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው የቀድሞ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ዛቻ ነውና ይህን አዋጅ ማወቅ ይጠቅመዋል።

የማይጠብቀው ሰዓት

ይሁን እንጂ አንድ በር በጊዜ ይዘጋል፤ እርሱም የይርጋ በር ነው። በወንጀል ሕጋችን ከ10 ዓመት በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል በ20 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ከ1 ዓመት በላይ በሆነ ቀላል እስራት የሚያስቀጣው በ5 ዓመት፣ ከዚያ ያነሰው ደግሞ በ3 ዓመት ይታገዳል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ወንጀሉ ከተፈጸመበት ጊዜ አንሥቶ ነው።

ይህን በልጅ ዕድሜ እናስላው። በ6 ዓመቱ ክብሩ የተደፈረ ልጅ 26 ዓመት ሲሞላው ይርጋው ይሞላል። በ7 ዓመቱ በቡድን ውስጥ የተገረፈና የተራበ ልጅ ወንጀሉ በቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ገና በ12 ዓመቱ፣ ምናልባትም ገና በዚያው ቡድን ውስጥ ሳለ፣ ሰዓቱ ያልቅበታል። ስለ እርሱ አቤት ሊሉ የሚገባቸው ወላጆቹ ራሳቸው የቡድኑ ተከታዮች ናቸው። እንግዲህ ማን ይጩህለት?

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ያካሄደችው አገር አቀፍ የምርመራ ኮሚሽን በዚህ ላይ ብርሃን ይሰጠናል። ኮሚሽኑ ከ8,000 በላይ ተጎጂዎችን ለየብቻ አነጋግሮ፣ አንድ ሰው በልጅነቱ የደረሰበትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመናገር በአማካይ ወደ 24 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ እንደሚወስድበት አገኘ። የእኛ የ20 ዓመት ሰዓት እንኳ ከዚህ ያጥራል። ዝምታው ተጎጂው ውሸታም ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ልጅ የሆነበትን ነገር ስም አውጥቶ ለመጥራት ዕድሜ፣ ዕውቀትና የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ተብሎ የተበደለ ልጅ ደግሞ ሰውን ከመክሰሱ በፊት እግዚአብሔርን የከሰሰ ይመስለዋልና ቀንበሩ እጥፍ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን አይተው ሕጋቸውን አስተካክለዋል። በቺሊ ፖል ሼፈር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1961 በመሠረተው ዝግ ሰፈር ልጆችን ከወላጆቻቸው ለይቶ ለአሥርት ዓመታት ሲበድል ኖሮ የ20 ዓመት እስራት የተፈረደበት በ2006፣ በስተርጅናው ነበር። ያቺው አገር እ.ኤ.አ. በ2019 በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ወንጀል በይርጋ እንዳይታገድ ደነገገች። በአውስትራሊያም ግዛቶቹ በልጅነት ለደረሰ በደል ለሚቀርብ የካሳ ክስ ይርጋን አንሥተዋል። የአገራችን የሕግ ባለሙያዎችና የሕዝብ ተወካዮች ቢያንስ ሰዓቱ ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ መቁጠር እንዲጀምር ሊመክሩበት ይገባል እንላለን።

እስከዚያው ድረስ ተጎጂዎች ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ምርመራ ሲጀምር ይርጋው ይቋረጣል፤ ከዚያም እንደ አዲስ ይቆጠራል። ስለዚህ ማስረጃው ሁሉ እስኪሟላ መጠበቅ ሳይሆን ቶሎ ማመልከት ይበጃል። ሁለተኛ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለካሳ ክስ የሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ቢሆንም ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሲሆን ረጅሙ የወንጀል ይርጋ ይጸናል። ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን በወንጀሉ ክስ ላይ አጣምሮ እንዲያቀርብም የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። ለሕክምናና ለታጣ ገቢ የሚጠየቀው ካሳ በጉዳቱ ልክ ነው። ለኅሊና ጉዳት ግን በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚያ ዘመን ብዙ የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ ለተሰበረ ልጅነት ካሳ ነው ቢባል ያሳፍራል። ያም ሆኖ አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እንዳሉት ተበዳይ ከገንዘቡ ይልቅ በአደባባይ «ተበድለሃል» መባልን ይሻል።

የፈረሰው ሰፈር የተበተነው ምስክር

በአራዳ ለሚኖሩትና ለኖሩት ይህ ነገር ሌላ አጣዳፊነት አለው። በ2016 ዓ.ም ፒያሳና አካባቢዋ ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ስለ ልማቱ መናገር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ፍትሕን ለሚሻ ሰው ግን የሰፈር መፍረስ የማስረጃ መፍረስ ነው። በደሉ የተፈጸመበት ቤት ዛሬ አስፋልት ወይም አዲስ ሕንፃ ሊሆን ይችላል። በግድግዳ ማዶ ጩኸት ይሰሙ የነበሩ እማማ፣ አዳራሹን ያከራዩ አባወራ፣ ልጆቹ ለምን ትምህርት ቤት አይሄዱም ብለው ይጠይቁ የነበሩ የዕድር ዳኛ ዛሬ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ከእነርሱም በዕድሜ የገፉት እያለፉብን ነው።

ስለዚህ በዚያ ሰፈር የኖራችሁ ምእመናን ያያችሁትንና የሰማችሁትን አስታውሱ። የዕድር መዝገቦች፣ የኪራይ ውሎች፣ አሮጌ ፎቶግራፎች፣ የትምህርት ቤት ስም መጥሪያዎች እንዳይጣሉ። አጥቢያዎችም የጥምቀት መዝገባቸውን በጥንቃቄ ይያዙ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ነውና ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው የክርስትና ምስክር ወረቀቱ በጊዜው ስንት ዓመቱ እንደነበረ ሊያስረዳለት ይችላል። 13 ዓመት መሙላትና አለመሙላት የቅጣቱን ልክ በሚለውጥበት ክስ ይህች ወረቀት ትልቅ ዋጋ አላት።

በራሳችን ቤትስ?

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሌሎች ቢመስልም የቤታችንን ደጅ ሳንመለከት ማለፍ አይገባንም። ከላይ የጠቀስነው የአውስትራሊያ ኮሚሽን ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ያደጉበትን አንድ የዮጋ አሽራም መርምሯል። የይሖዋ ምስክሮች ድርጅትም ከ1950 ጀምሮ ስማቸው የተነሣ የ1,006 ሰዎች መዝገብ ይዞ አንዱንም ለፖሊስ አለማመልከቱን ገልጧል። ነገር ግን በዚያው ምርመራ የካቶሊክና የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት በደልም በሰፊው ተጋልጧል። ጥፋቱን ያበዛው የተቋሙ ዕድሜ ወይም ትምህርት ሳይሆን የተቋሙን ስም ከልጁ ማስቀደም ነበር።

በእኛም ዘንድ ከቤተሰባቸው ርቀው በአብነት ትምህርት ቤት የሚያድሩ ሕፃናት አሉ። ለፈውስ ወደ ጠበል መጥተው የሚሰነብቱ፣ አንዳንዴም የሚታሰሩ ልጆች አሉ። «አባ» የሚለውን የከበረ ስም ለብሰው ያለ አጥቢያና ያለ መንፈሳዊ ኃላፊነት ሕዝብ የሚሰበስቡ ሰዎችም አሉ። እነዚህን ስፍራዎች የሚጠብቃቸው ቅድስናቸው ብቻ ነው ካልን ካህኑን ዔሊን እንምሰላለን። ዔሊ ልጆቹ በመገናኛው ድንኳን ደጅ የሚያደርጉትን ሰምቶ በቃል ገሠጻቸው እንጂ አልከለከላቸውም፤ ስለዚህም ፍርድ በቤቱ መጣ (1ኛ ሳሙ. 2-3)። ጌታችንም ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረውን የወፍጮ ድንጋይ ማስጠንቀቂያ (ማቴ. 18፥6) ለውጭ ሰዎች ብቻ የተነገረ አድርገን ልንሰማው አንችልም።

ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለን የይቅርታ ትርጉም ነው። በደል ሲሰማ ሽማግሌ ተልኮ፣ ተበዳይ ተለምኖ፣ እግር ተስሞ ነገሩ ይዘጋል። በሁለት ዐዋቂዎች ጠብ መካከል ሽምግልና በረከት ነው። በሕፃን ላይ በተፈጸመ ወንጀል ግን ሽማግሌ የማስታረቅ ሥልጣን የለውም፤ ልጁም በነፃነት የመስማማት አቅም የለውም። በተጨማሪም በደለኛው ከዚያ ሰፈር ወጥቶ ወደ ሌላ ሰፈር ልጆች ይሄዳል። ንስሐ ቅጣትን እንደማያስቀር ቅዱሳት መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ዳዊት ኃጢአቱ ከተሰረየለት በኋላም የሥራውን ዋጋ ተቀብሏል። ፈያታዊ ዘየማን ገነትን የተቀበለው የደረሰበት ፍርድ እንደሚገባው ካመነ በኋላ ነው። በእውነት የተጸጸተ በደለኛ እጁን ለሕግ ይሰጣል። የንስሐ አባትም ቀኖና ሲሰጥ ይህን ሊመክረው ይገባል።

የተበደለ ሰው ለካህን የሚነግረው ነገርም የራሱ ኃጢአት አይደለም። እርሱ አቤቱታ ነው። አባቶች ይህን ለይተው «ልጄ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ቢሉት የዓመታት ሸክም ይቀልለታል። ከዚያም ብቻውን ሳይተዉት ከሐኪምና ከሕግ ባለሙያ ጋር ሊያገናኙት ይችላሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሕጋችን ወንጀልን አለማመልከትን የሚቀጣው ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። ስለዚህ አብዛኛውን በሕፃናት ላይ የሚፈጸም በደል አይቶ ዝም ያለ ሰው በምድር ሕግ ላይጠየቅ ይችላል። ክርስቲያን ግን የሚለካው በዚህ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ልጆች በሚያድሩበትና በሚማሩበት ስፍራ ሁሉ አንድ ዐዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው እንዳይሰወር ሥርዓት ያውጣ። በአገልጋይ ላይ ጥቆማ ሲመጣ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪታወቅ ከልጆች ይራቅ፣ ጥቆማውም ለፖሊስ ይድረስ። በሐሰት የተከሰሰም ቢሆን ስሙ የሚነጻው በመሸፋፈን ሳይሆን በትክክለኛ ምርመራ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዕድሜያቸው ልክ እምቢ ማለትንና መናገርን ያስተምሩ። በየአጥቢያችን ያሉ ጠበቆችና ዐቃብያነ ሕግ ሙያቸውን እንደ ምጽዋት ቆጥረው ለእነዚህ ወገኖች አቤቱታ ይጻፉላቸው፤ በችሎትም ይቁሙላቸው።

ከተለያየ ቡድን ወጥታችሁ ይህን ለምታነቡ ደግሞ እንዲህ እንላለን። የደረሰባችሁ በእግዚአብሔር ስም ቢፈጸምም የእግዚአብሔር ሥራ አይደለም። እምነታችሁ ዛሬ የትም ይሁን፣ ወደ እኛ ለመመለስ ብትወስኑም ባትወስኑም፣ ፍትሕ ለመሻት የምትረዱት ለወገን ቁጥር አይደለም። ሳምራዊው በመንገድ የወደቀውን ሰው ቁስሉን ሲያስር ሃይማኖቱን አልጠየቀውም። የምታስታውሱትን ቀኑን፣ ቦታውንና ስሙን ጻፉ፤ የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁም ወደ ፖሊስ ሂዱ። ሰዓቱ እየቆጠረ ነውና አትዘግዩ።

ከደብሩ ወደ ችሎቱ በሚወስደው የአራዳ መንገድ የተበደለ ሰው ብቻውን ሲሄድ ብናይ አብረነው እንሂድ። የድኻ አደጎች አባት፣ የመበለቶች ዳኛ እግዚአብሔር ለተጨነቁት ፍርድን ያድርግ፤ ለእኛም አይቶ ዝም የማይል ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።